ነፋስ ሳይመታን አየር እንዴት እናስገባ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ውስጥ አየር በጎጃም

ከእንጅባራ ደጋ እስከ ጣና ዳር የደረሱንን ጥያቄዎች ስናነብ በብዙዎቹ ውስጥ አንድ ፍርሃት አየን። መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይገባል፣ ነፋስ ይመታል የሚል። ፍርሃቱን አንንቀውም፤ ላብ ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ማንንም አይመችም። ነገር ግን ሰው ላይ የሚነፍሰው ቀዳዳው ከትራስ ትይዩ ሲሆን ነው። ከራስ በላይ የወጣ ቀዳዳ አየሩን ይለውጣል እንጂ የተኛን ሰው አይነካም። ብዙው መልሳችን ቀዳዳው የት ይሁን፣ ስንት ይሁን የሚለው ላይ ያተኩራል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው እንጅባራ ነው። ብርዱ ሲጠና የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ውጭ አቀጣጥለን፣ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ መኝታ ቤት እናስገባዋለን። አጠገቡም ውኃ በሳህን እናስቀምጣለን። ጠዋት ግን እኔንም ባለቤቴንም ልጆቼንም ራሳችንን ያመናል፣ ትንሿ ልጄ ታስመልሳለች። ከብርዱ ነው ወይስ ከከሰሉ?
*እናት፣ ከእንጅባራ*

መልስ፦ እህታችን፣ ከከሰሉ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አያስገቡት። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት ራሱን ሲያመው፣ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ሲሻለው፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይዞ ቶሎ አይለቅም። በዚያ ላይ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ጋዙ የሚወስደው ከዚያው ከጎደለው ላይ ነው።

«ጢሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ገድሏል። ከፍሙ ሥር የገባው አየር መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያ ጋዝ ከላይ በተከመረው የጋለ ፍም መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ ጢስ የሌለው ቀይ ፍም ራሱ አምራቹ ነው። አመድ ለብሶ የተዳፈነውም ሌሊቱን በቀስታ ያመርታል። በሳህን ያለው ውኃ ምንም አይሠራም፤ ጋዙ በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል።

በቁጥር እንየው። ግማሽ ኪሎ ከሰል ነድዶ ሲያልቅ በትንሹ ብንቆጥር 75 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ኮርኒሱ 2.5 ሜትር ላይ ያለ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ ጨርሶ ካልተለወጠ በአንድ ሜትር ኩብ 2,500 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚፈቅደው 100 ሚሊ ግራም ነው። በርግጥ ቤቱ ጨርሶ ድፍን አይሆንም፣ በበሩ ሥርና በስንጥቁ ጥቂት ይወጣል። ሆኖም 25 እጥፍ የሆነ ነገር በበር ስንጥቅ ይቀላል ብሎ መተኛት አይገባም።

ታዲያ ብርዱን በምን እንከላከል? ከሰሉን ማሞቂያ ካደረጉት የግድ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ እያለ ይሁን። ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት ምድጃው ከነአመዱ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ሳሎን ወይም ወደ በረንዳ ጥግ ሳይሆን ወደ ውጭ። ለሌሊቱ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ የተሞላ ሙቅ ውኃ በፎጣ ጠቅልሎ እግርጌ ማድረግ ይበልጣል። የቤቱ ብርድ ዋና ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ ባዶው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ ከሌለ በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በአቡጀዲም ቢሆን ይወጠር። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚቀረው አየር ከአንድ ምድጃ ከሰል ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ይጠቅማል።

ሰው ራሱን ስቶ ቢገኝ መጀመሪያ በሩን በርግደው ወደ ውጭ ያውጡት፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ወተትም ሎሚም አይስጡት፤ ጋዙን አያወጣም፣ ራሱን የሳተን ሰውም ያንቃል። ጋዙ በተራ አየር ከደም በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስድበታል። በሆስፒታል ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የልጅዎ ማስመለስ ዛሬ ባይኖርም ለሐኪም የከሰሉን ነገር ይንገሩ። ካልተነገረው በምግብ መመረዝ ሊመስለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በብሎኬት ባሠራነው አዲስ ቤት ከሐምሌ ጀምሮ በቁምሳጥኑ ጀርባና በኮርኒሱ ጥግ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፣ ልብሱም ይሸታል። ቀለም ቀባነው፣ ተመልሶ መጣ። የውጭው እርጥበት እንዳይገባ መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ዘግተን እንውላለን። በድሮው ጭቃ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።
*አባወራ፣ ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ የድሮው ቤት ያልሻገተው ጭቃው ስለበለጠ ብቻ አይደለም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የቀረው ክፍተት ሌት ተቀን ይተነፍስ ነበር። አዲሱ ቤት በአሉሚኒየም መስኮት፣ በኮርኒስና በልስን ተደፍኗል፤ የሚወጣበት የለም።

እርጥበቱን የምታመርቱት እናንተው ናችሁ። 5 ሰው ያለበት ቤት በትንፋሽ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና ውስጥ በተሰጣ ልብስ በቀን 10 ሊትር ገደማ ውኃ ወደ አየር ይለቃል፤ ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው። ያ ተን ከውጭ በኩል ቀዝቃዛ የሆነውን ግድግዳ ሲነካ ያልበዋል። ቁምሳጥኑ የተጠጋበት ቦታ ሙቀትም ነፋስም ስለማያገኝ ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነው ነገር፦ ዝናብ እየዘነበም መስኮት መክፈት ቤቱን ያደርቀዋል። የደብረ ማርቆስ የክረምት ጠዋት 12 ዲግሪ ሆኖ አየሩ 90 በመቶ እርጥብ ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ውኃ ከ10 ግራም አይሞላም። ያው አየር ቤት ገብቶ 19 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 60 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከእናንተ ላብና ተን የሚቀበልበት ቦታ ያገኛል። ሻጋታ የሚበቅለው የግድግዳው ገጽ ላይ ያለው አየር ከ80 በመቶ በላይ ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ስለዚህ «እርጥበት እንዳይገባ» ብላችሁ የዘጋችሁት መስኮት እርጥበቱ እንዳይወጣ ነው ያደረገው።

ከሥራው በፊት ግን ውኃው ከየት እንደሆነ አረጋግጡ። የሻገተውን ቦታ ጠርጋችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፋችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። ጤዛው በላስቲኩ ፊት ከወጣ የክፍሉ አየር ነው። ከጀርባው፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውኃው ከመሠረት እየወጣ ወይም ከቆርቆሮ እያንጠባጠበ ነው። ያኔ ቀዳዳ ብቻ አይበቃችሁም፣ መጀመሪያ አሸንዳውና የመሠረቱ ዙሪያ ይታይ።

ከአየሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ መኝታ ቤት ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። አንድ ቀዳዳ ያለው ክፍል እንደ ጠርሙስ ነው፤ የሚወጣው ካልወጣ የሚገባው አይገባም። ለግንበኛው የምትሉት ይህን ነው፦ አንድ ብሎኬት ከታች፣ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከአልጋው ራቅ ባለው ግድግዳ ይውጣ። ሌላ አንድ ብሎኬት ደግሞ በትይዩው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ይውጣ። የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ነው፤ የትንኝ ወንፊትና ፍርግርግ ሲገባበት የሚቀረው 500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከውጭ በኩል ወደ ታች የተንጋደደ ላሜራ ይሠራለት፣ ዝናብ ይመልሳል። በሁለቱ መካከል የ2 ሜትር ከፍታ ካለና ውስጡ ከውጭው በ5 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ያለ ምንም መብራት በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይለወጣል። 4 በ4 ለሆነ ክፍል በሰዓት አንድ ጊዜ ተኩል መሆኑ ነው።

ብርዱስ? ያ አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀት 80 ዋት ገደማ ነው፤ አንድ የተኛ ሰው ከሚያወጣው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ከባዶ ቆርቆሮ ከሚጠፋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ግንበኞች የሚሳሳቱት የላይኛውን ቀዳዳ ወደ ኮርኒሱ ሆድ በመክፈት ነው። ተኑ ከቆርቆሮው ሥር ይጤዛል፣ ተመልሶ ኮርኒሱን ያበሰብሰዋል። ወደ ውጭ ይውጣ። ሁለተኛው ስህተት የቤቱ ባለቤት የራሱ ነው፦ በመስከረም የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፈዋል።

ቁምሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ሥሩም ከወለል በእግር ይነሣ። የወጣውን ሻጋታ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ በሳሙናና በውኃ ፈግፍጉት። በረኪና በልስን ላይ ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ደርቆ ካለቀ በኋላ የዘይት ቀለም ከመቀባት ኖራ ይሻላል፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ ለሻጋታም አይመቸውም።

ጥያቄ፦ ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ እንጀራ ምድጃ ገዝተን የላሜራ ጢስ ማውጫ አስገጠምንለት። ጢሱ አንዳንድ ቀን ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን ተመልሶ ዓይናችንን ያጠፋናል። ብረታ ብረት ሠሪው «ቱቦው ምንም አልሆነም» ይላል።
*ወጣት፣ ከሞጣ*

መልስ፦ ሠሪው እውነቱን ሊሆን ይችላል። እርስዎ ያልነገሩን «አንዳንድ ቀን» የትኛው ቀን እንደሆነ ነው፣ ምርመራውም ከዚያ ይጀምራል።

በር ሲከፈት ጢሱ ከሳበ፣ በር ሲዘጋ ከተመለሰ፣ ያጠረው መግቢያ አየር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ 177 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማድቤቱ ቢያንስ ይህን የሚያህል ቀዳዳ ከምድጃው አቅራቢያ ከግድግዳው ግርጌ ይፈልጋል። 20 በ10 የሆነ ቀዳዳ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የችግሩ ሁሉ መፍትሔ ይኸው ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ነፋስ በበረታበት ቀን ብቻ ከተመለሰ የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው አናት በታች ነው ማለት ነው። ነፋሱ ጣሪያውን ተሻግሮ ሲወርድ ጢሱን ይደፍቀዋል። ጫፉ ከአናቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከዝናብ የሚከላከለው ቆብ ከቱቦው አፍ በቱቦው ስፋት ያህል ከፍ ይበል። ቆቡን ዝቅ አድርጎ መበየድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ለማማሩ ያማረ ይሆናል፣ ጢሱ ግን መውጫ ያጣል።

ጠዋት ሲለኮስ ብቻ ከሆነ ቱቦው ቀዝቅዟል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። አንድ ወረቀት ወይም ጥቂት ደረቅ ጭራሮ መጀመሪያ ያንድዱ፤ ቱቦው ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል። ከወር ወደ ወር እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጥላሸት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድ ቤት ቱቦውን በየወሩ ጆንያ በታሰረበት ገመድ ይጥረግ።

ክርን ካለው ክርኑ በ90 ሳይሆን በ45 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ከአንድ በላይ ካለ አንዱ ይቀነስ። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ጣሪያውን የሚያልፍበት ቦታ ነው። ነጠላ ላሜራ የሆነ ቱቦ ከማገር፣ ከወራጅ፣ ከሣር ክዳንም 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ያን ያህል ቦታ ከሌለ በቱቦው ዙሪያ ሰፊ የቆርቆሮ ሳህን ገብቶ እንጨቱ ይቆረጥ። ሣር ቤት ከሆነ ቱቦውን በጣሪያ ሳይሆን በግድግዳ አሳልፎ ውጭ ማቆም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቡሬ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ማዛጋት ይጀምራሉ። መስኮት ስከፍት የመስኮት ዳር ልጆች ይዘጉታል።
*መምህር፣ ከቡሬ*

መልስ፦ የሚያዛጉት በትምህርቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። 8 በ7፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 60 ልጅ በሰዓት ወደ 780 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ክፍሉ ከተዘጋ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መጠኑ ከውጭው፣ ማለትም በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ420 ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ያልፋል። ጥሩ የሚባለው ክፍል ከ1,000 እስከ 1,500 ነው። ጋዙ በዚህ መጠን አይገድልም፣ ግን ልጆቹ የአንዱን ትንፋሽ አንዱ እየሳበ እንደሆነ ያሳያል። ጉንፋንም ቲቢም የሚጋባው በዚሁ መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው ክፍሉ በሰዓት ወደ 5 ጊዜ አየር መለወጡ ነው። መስኮት ዳር ያሉት ልጆች ትክክል ናቸው፤ ነፋሱ የሚመታው እነሱን ነው። ስለዚህ የታችኛው መስኮት ተዘግቶ የላይኛው፣ ከራሳቸው በላይ ያለው፣ በሁለቱም ግድግዳ ይከፈት። ትምህርት ቤቱ መስኮት ሲያሠራ ላይኛውን ከሥሩ የታጠፈ፣ አናቱ ወደ ውስጥ የሚጋደም ያድርገው፤ አየሩ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ አየሩ ከኮርኒሱ ቁመት ከሁለት እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ርቀት አልፎ አይገባም፤ የ3 ሜትሩ ክፍል ከ6 ወይም ከ7 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የውስጠኛው ረድፍ የቆየ አየር ይተነፍሳል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ልጆቹ ወጥተው በርና መስኮት ሁሉ ለ5 ደቂቃ ይበርገድ። ግድግዳው ሙቀቱን ስለያዘ ክፍሉ ተመልሶ ለመሞቅ አይቸግረውም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር 6 ሆነን በአንድ ቢሮ እንሠራለን። ኤሲ አለን፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ራሳችን ይከብደናል።
*ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር አዲስ አየር ቢታሰብ ለ6 ሰው በሰዓት 216 ሜትር ኩብ ነው። ከ30 እስከ 40 ዋት የሚፈጅ ባለ 15 ሳንቲ ሜትር የአየር ማውጫ ማራገቢያ በኮርኒሱ ሥር ይገጠም፣ በትይዩው ግድግዳ ደግሞ መግቢያ ቀዳዳ ይኑር። መግቢያው ማራገቢያው አጠገብ ከሆነ አየሩ በአቋራጭ ይወጣል፣ እናንተ አታገኙትም።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ሥራ ሲጀመር መስኮቱን ሁሉ ከፍታችሁ ኮንክሪቱን አቀዝቅዙት፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ መጋረጃውን ሳቡ። የኮርኒስ ማራገቢያ 70 ዋት ገደማ ይፈጃል፣ ኤሲው ግን 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ። ብዙ ቀን ማራገቢያው ብቻውን ይበቃችኋል። የትንኝ ወንፊቱን ግን አታንሡ፤ ወባ ያለበት አገር ነው። ወንፊት የአየሩን ፍሰት ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ አቧራ ከያዘ ይብስበታል። በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፣ መስኮቱም ያን ታሳቢ አድርጎ ሰፊ ይሁን።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ሱቅ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩን ከጓሮ በር ደፍ ላይ አስነሣዋለሁ። ውጭ ስለሆነ ይቻላል?
*ነጋዴ፣ ከፍኖተ ሰላም*

መልስ፦ አይቻልም። ደፍ ላይ ያለ ጀኔሬተር ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ሱቁ ያስገባል፣ በተለይ የፊት በሩ ክፍት ከሆነ። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጢስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ወደ ተቃራኒ ይዙር። ገመድ ለማሳጠር ብለው አያቅርቡት፤ ገመድ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ዕጣን ማጨስ የቤቱን አየር ያጠራል ይባላል። እውነት ነው?
*አንባቢ፣ ከዳንግላ*

መልስ፦ ሽታውን ይለውጣል፣ አየሩን ግን አያጠራም። የዕጣን ጢስ ራሱ ደቃቅ ብናኝ ነው። ለቡናው ክብር ማጨስዎን አንቃወምም፣ ግን በሩ ገርበብ፣ የላይኛው መስኮት ክፍት ይሁን። አስም ያለበት ልጅ ካለ ቁራጩ ይነስ፣ ከሰሉም ቡናው እንደወረደ ይውጣ።